ያቺ ሞኝ ምን ሆነች?

ታሪካዊ የፍቅር ልቦለድ እወዳለሁ። ይህን ስል ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ ሰዎች አሉ፤ ያጨፍግጉ። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ፣ ሽፋኑ ላይ ፈረስና ረጅም ቀሚስ ያለበት መጽሐፌን ከቦርሳዬ ሳወጣ፣ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ጉሮሮ ይጠረጋል። የጉሮሮው ባለቤት የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው።

«የታሪክ አስተማሪ ሆነሽ ይሄን ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ።»

«ማስቲካ እኮ ነው። ታኝኪዋለሽ፣ ትተፊዋለሽ፣ አለቀ።»

ይህ ሰው ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የፍልስፍና መጽሐፍ አለው። ነፋስ ሲነሳ መስኮቱን የሚደግፈው በእሱ ነው። ከዚያ ውጪ መጽሐፉ ሥራ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። እኔም አልከራከረውም። ከማያነብ ሰው ጋር ስለ መጽሐፍ መከራከር፣ ጾመኛን ስለ ጥብስ እንደ መጠየቅ ነው።

የእነዚህን መጻሕፍት ጉድ እኔ ከእሱ በላይ አውቀዋለሁ። ገና ባልተወለደ ንጉሥ ስም የሚምል ወታደር አጋጥሞኛል። ድንች አገራችን ሳይገባ ድንች ቀቅላ የበላች እመቤት አጋጥማኛለች። ስቄ ገጹን እገልጣለሁ። እኔ የምፈልገው ድንቹን አይደለም። የምፈልገው፣ አባቷ ሲታሰር ርስቱን ጠብቃ የምትቆየዋን ሴት ነው። እህታቸው ስትደፈር ከያሉበት ተጠራርተው የሚመጡትን ወንድሞች ነው። አንዱ የተናገረውን ሌላው የሚያከብርበት፣ ደም ማለት ደም የሆነበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት በመጽሐፍ ካልሆነ በቀር የት ይገኛል? እኔ የገባሁበትን ቤት አይቼዋለሁና አትንገሩኝ።

አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ፒያሳ ውስጥ ክርና ቁልፍ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። የወደፊቱ ባሌ እዚያ ሱቅ የገባው ለኮቱ ቁልፍ ፍለጋ ነው። ሰውየው ለባሽ ነበር። አራዳ ነኝ ባይ፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ፣ ጫማው ላይ አቧራ ካየ ቀኑ የሚበላሽበት ዓይነት ሰው። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ደስ ይል ነበር። ተጋባን፤ እሱ ወላጆቹ ቤት ይዞኝ ገባ።

ቤቱ ከጊዮርጊስ ጀርባ ነበር። ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ጎፈር የደፉ አንድ ደጃዝማች በትልቅ ፎቶ ተሰቅለው ነበር። የአማቴ አያት ናቸው። ያ ቤት ውስጥ ማንኛውም ነገር የሚለካው በእኚያ ፎቶ ነበር። ሻይ በሰሃን ካልቀረበ «አያቴ ይህን ቢያዩ» ይባላል። ጎረቤት ጮክ ብሎ ከሳቀ «አያቴ ይህን ቢሰሙ» ይባላል። አማቴ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ባሌ መካከለኛው ነው። የመጀመሪያ ቀን እጃቸውን ልስም ስጎነበስ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«የክር ሻጩ ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ይሁን እንግዲህ» አሉ። ለብዙ ዓመት ከእሳቸው ያገኘሁት ምርቃት ይኸው «ይሁን እንግዲህ» ነው። ልጅ አለመውለዴ ደግሞ ተጨመረበት። በፊቴ አንድም ቀን አላነሱትም፤ የሌሎች ሰዎች የልጅ ልጆች ስም ግን ከአፋቸው አይለይም ነበር።

መጽሐፎቼንማ ሲያዩ አይጥ ያዩ ይመስሉ ነበር። እሳቸው የሚያነቡት ዳዊት ብቻ ነው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳነብ ከኋላዬ ቆሙ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልቦለድ ነው፣ እማማ።»

«ሆኗል የተባለ ነው ወይስ የተፈጠረ?»

«የተፈጠረ ነው።»

«ውሸት ነው በይኛ! ውሸት ለመስማት ምን መጽሐፍ አስገዛሽ? ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብትይ አይበቃሽም?»

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ልጆቹ ስለ ቤተሰብ ማውራት ይወዳሉ። በተለይ ታላቅየው። በወግ ቢሆን ከእኔ በዕድሜ ስለሚበልጥ «አንቱ» ልለው ይገባል፤ በፊቱም «ጋሼ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን አይገባውም። ሠርግ ላይ ማይክራፎን ከያዘ አይለቅም፤ ለቅሶ ላይ ደግሞ ያለ ማይክራፎን ይናገራል። «ቤተሰብ ማለት ዛፍ ነው» ይላል። «እናታችን ሥሩ ናት፣ እኛ ቅርንጫፎቹ ነን።» እናቱ ግን ዓይናቸው መጋረድ ሲጀምር፣ ቅርንጫፎቹ ሐኪም ቤት ለመሄድ ቀን ሲያጡ ይዤያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀላሉ ይገፈፋል አለ። አማቴ እምቢ አሉ።

«ያየሁት ይበቃኛል» ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላሳመናቸውም።

ዓይናቸው ዳዊታቸውን መለየት ሲያቅተው ጧት ጧት እኔ አነብላቸው ጀመር። የተሳሳትኩትን ፊደል በቃላቸው ያርሙኝ ነበር። ሰማይ ሲያጉረመርም በዋለበት በአንድ የክረምት ቀን፣ ዳዊቱን ጨርሼ አጠገባቸው እንደተቀመጥኩ የራሴን መጽሐፍ አወጣሁ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነበር። እናትና አባቷ የሞቱባት አንዲት ወጣት ታናናሽ ወንድሞቿንና ትንሽ እህቷን ታሳድጋለች። አንድ ዱክ የሚባል ባለማዕረግ ደግሞ ርስቱ የእኔ ነው ብሎ በዝናብ ይመጣባታል። አንድ ቦታ ላይ ሳቅኩ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም አይደል፣ እማማ።»

«ብቻውን የሚስቅ እብድ ነው። አንብቢው።»

እኔም በእልህ አነበብኩላቸው። ልጅቷ ሰውየውን ወደ ቤት አስገብታ፣ ካፖርቱን ከእሳቱ አጠገብ ስታሰጣለት ሲሰሙ አማቴ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ሞኝ ናት! ቤቷን ሊቀማ የመጣን ሰው ካፖርቱን ታደርቅለታለች? ዝጊው! ዝጊው፣ ራሴን አመመኝ።»

ዘጋሁት። ማታም አላነሱትም። በማግስቱ ጧት ዳዊቱን አንብቤ ስነሳ ክንዴን ያዙኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣

«ያቺ ሞኝ ምን ሆነች?» አሉኝ።

እንዲህ ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጽሐፉን አወጣለሁ፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ይቀመጣሉ። የሚሰሙት ለመደሰት አይደለም፤ ለመፍረድ ነው። አንድም ሰው ከእጃቸው አያመልጥም።

«ዱክ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«መስፍን እንደ ማለት ነው፣ እማማ።»

«እሱማ ገባኝ። ራስ ነው ወይስ ደጃዝማች?»

«ከራስም ሳይበልጥ አይቀርም።»

«ጦሩ ምን ያህላል?»

መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ስለ ጦር የሚል የለም። አንድ አሽከር፣ አንድ ሠረገላ ነጂ፣ አንዲት ወጥ ሠሪ፤ በቃ።

«እንግዲያው ቀኛዝማች ነው» አሉ። ሹመቱን በአንድ ቃል ገፈፉት። ከዚያ ወዲያ ያ የእንግሊዝ ዱክ እኛ ቤት «ቀኛዝማቹ» ተብሎ ቀረ። እኔም ሳነብ «ቀኛዝማቹ ከፈረሱ ወርዶ» እያልኩ አነብላቸው ጀመር፤ እውነቴን ነው፣ ከዱክ ይልቅ ይሄ ያምርበታል።

ለውትድርና ርቆ የሄደው የልጅቷ ታላቅ ወንድም ግን ልባቸውን ገዛው። ዱኩ እህቱን ያዋረዳት መስሎት ከሩቅ አገር ሌትና ቀን ጋልቦ የመጣ ዕለት፣ አማቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ይሄ ሰው ነው» አሉ። «እናቱ ትባረክ።» ልጆቻቸው በዚያ ሳምንት አንዳቸውም እንዳልመጡ እኔም አላነሳሁ፣ እሳቸውም አላነሱ። መካከለኛው ከእኛው ጋር ይኖር የነበረው እንኳ ከእራት በኋላ ነበር የሚታየው።

እሱም ቢሆን ብዙ አልቆየም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀድሞ የታሸገ ሻንጣ ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣና ሌላ ሴት እንዳለችው ነገረኝ። ነገሩን የሚነግረኝ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነበር። «ልብ ነው፤ ልብን ማን ያዘዋል?» አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፎቼ ጀርባ ላይ እንዳነበባት እርግጠኛ ነኝ፤ ከጀርባው አልፎ ገብቶ አያውቅም። ሻንጣው ውስጥ ያስገባቸውን ኮቶች አይቼ፣ ከእኔ ይልቅ ለእነሱ እንደተጨነቀ ገባኝ። አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ግን ያለቀስኩት ለእሱ ሳይሆን እዚያ በረንዳ ላይ ላጠፋሁት ዕድሜ ነው።

ፍቺው አለቀ። አባቴ ሲሞት የተወልኝ ሁለት ክፍል ቤት እሪ በከንቱ ሰፈር ነበረችኝ፤ ዕቃዬን ይዤ እዚያ ገባሁ። መጽሐፉን ግን ገና አልጨረስነውም ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወደ ጊዮርጊስ ይዞኝ ሄደ። የቤቱ ሠራተኛ በር ከፈተችልኝ። አማቴ እንደ ወትሮው ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«አረፈድሽ» አሉኝ።

ተቀምጬ አነበብኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አነብ ነበር። ሰፈርተኛው ብዙ አለ። አንዷ፣ ባሏን ልታስመልስ ነው እናቱን የምታባብለው አለች። ሌላዋ መድኃኒት እያሠራች ነው አለች። በየቀኑ ሰው ቤት እየሄዱ መጽሐፍ ማንበብ ለእነሱ ከመድኃኒት ይልቅ የማይታመን ነገር ነው።

ከዚያ ሰፈሩ የሚነሳበት ጊዜ መጣ። ምልክት ተደረገ፤ ቀን ተቆረጠ፤ ጎረቤቱ ቆርቆሮውን ማውረድ ጀመረ። ምትክ ቤት ከከተማው ዳር ተሰጣቸው፤ ቁልፉን ታላቅየው ተረከበና ለጊዜው ለሚያውቀው ሰው አከራየው። የቀረው እናታቸው የት ይግቡ የሚለው ነው። ሦስቱም ልጆች ለመምከር መጡ። እኔ ለማንበብ መጥቼ ነበርና ልወጣ ስነሳ አማቴ «ተቀመጪ» አሉኝ። ታላቅየው ገላመጠኝ። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው እኮ» አለ። እናቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሸፍነው የተኙ መሰሉ፤ እኔም ተቀመጥኩ።

«እናታችን ዕንቁ ናት» ብሎ ጀመረ ታላቅየው። «በዚህ ዘመን እናት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። እንግዲህ ከመካከላችን እሷን የመጦር ዕድል የሚደርሰው ማን እንደሆነ እንነጋገር።»

ለዕድሉ ማንም አልቸኮለም።

ትንሹ ቀድሞ ተናገረ። «የእኔ ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ አይሠራም።»

መካከለኛው፣ ማለትም የትናንቱ ባሌ፣ የኮቱን እጅጌ እያስተካከለ «እኛ እንኳ ገና አልተደላደልንም» አለ። ያ «እኛ» እኔን የማይጨምር እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

«እኔ ብወስዳት ደስታዬ ነበር» አለ ታላቅየው፣ «ባለቤቴ ግን ደም ግፊት አለባት።» ደም ግፊቷ አማቷን ባየች ቁጥር እንደሚነሳ አልጨመረም። ቀጠለና፣ «አሁን አሁን ደግሞ ዘመናዊ የአረጋውያን ማቆያ አለ። ንጹሕ ነው፣ አትክልት ቦታ አለው። በየሳምንቱ እየተፈራረቅን እንጠይቃታለን። ቤተሰብ ማለት…»

«ጨረሳችሁ?»

አማቴ ነጠላቸውን ገልጠው ነበር። ሦስቱም እንደ ተማሪ ቀጥ አሉ።

«እኔ ከእሷ ጋር ነው የምሄደው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ታላቅየው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «እማዬ፣ እሷ እኮ ተፋትታለች። በሕግም ቢሆን ቤተሰባችን አይደለችም። አንቺን እንዴት…»

«አንተስ በምንድን ነህ ቤተሰብ?»

ለዚህ ማይክራፎን ቢኖርም አይጠቅመውም ነበር።

«ደግሞም ገና አልጨረስንም» አሉ አማቴ።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን።»

እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ደስ አለኝ ብል ዋሸሁ። ደነገጥኩ። ሁለት ጠባብ ክፍሎቼ፣ አንድ አልጋዬ፣ ከሩቅ የሚቀዳው ውኃ ፊቴ ላይ መጡ። ግን ሦስቱን ወንዶች አየሁ። አንዱም ተቃውሞ አላነሳም። ፊታቸው ላይ የነበረው እፎይታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። በመጽሐፍ ቢሆን እንዲህ ያለውን ፈሪ ደራሲው በሁለተኛው ምዕራፍ ከፈረስ ጥሎ ይገድለው ነበር፤ በእውነተኛው ዓለም መኪናውን አስነስቶ እራቱን ሊበላ ይሄዳል።

ዕቃ በተጫነበት ቀን ታላቅየው የደጃዝማቹን ፎቶ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ለሳሎኑ ወሰደው። የሞቱትን አያት እሱ ወሰደ፤ በሕይወት ያሉትን እናት ለእኔ ተወልኝ። የቤት ሠራተኛዋ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔና አማቴ በላዳ ታክሲ ቁልቁል ወረድን።

«እማማ፣ ቤቴ እሪ በከንቱ ነው» አልኳቸው መንገድ ላይ፣ ድንገት ያልተረዱ እንደሆነ ብዬ።

«አውቃለሁ።»

«እንደ እርስዎ ቤት አይደለም።»

«እንደ እኔ ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ፈርሷል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እሪ ማለትማ ድሮ ነው የጀመርኩት። በከንቱ መሆኑን ነው አሁን ያወቅሁት» አሉ። ባለ ታክሲው በመስታወቱ አያቸውና ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ለሁለታችንም መከራ ነበሩ። ሽሮዬን «ክር የታጠበበት ውኃ» አሉት። አልጋው ጎረበጣቸው፣ መንገዱ ጠበባቸው፣ የጎረቤት ራዲዮ አስመረራቸው። «አያቴ ይህን ቢያዩ» ሲሉ አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «አያትዎ አሁን ታላቅየው ሳሎን ውስጥ ናቸው፣ እማማ፤ ማየት ከፈለጉ እዚያ ይሂዱ» አልኳቸው። አበቃ፣ አስቀየምኳቸው ብዬ ስፈራ፣ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ይስቁ ነበር። አማቴ ሲስቁ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ማንበባችን ቀጠለ። የእንግሊዙን ጨርሰን ወደ አገራችን ታሪኮች ገባን፤ ጎንደር፣ ሸዋ፣ ወሎ። የቀጭን ግድግዳ ነገር ሆነና ጎረቤታችን የሆነች አንዲት የስልጤ ሴት፣ ሰልባጅ የምትሸጥ፣ ከወዲያ ሆና ስትሰማ ከርማ አንድ እሑድ በርጩማዋን ይዛ ብቅ አለች። «በግድግዳው ግማሹ አይሰማኝም፤ ልጅቷ እሺ አለችው ወይስ እምቢ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ የእኛ ናት። አንድ ፍርድ አላት፤ ከእሱ ንቅንቅ አትልም።

«ሽማግሌ ሳይልክ እንዴት አፈቀርኩሽ ይላል?» ትላለች።

«አሳዳጊ የበደለው ነዋ» ይላሉ አማቴ።

ሁለቱ እንዲህ ሆነው አንድ ጀግና ላይ ሲፈርዱ መስማት ከመጽሐፉ ይጥማል። የሥነ ጽሑፍ መምህሩ አንድ ቀን እንኳ እዚያ በርጩማ ላይ ቢቀመጥ፣ ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ምን እንደሚመስል ያይ ነበር። ግን አይመጣም፤ ቢመጣም ስለ ራሱ ያወራል።

ልጆቹ በዓል ሲሆን ብቅ ይላሉ። በፋሲካ ታላቅየው ዶሮ ይዞ መጣ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካ በእግሩ ጣት እየረገጠ ገባ፤ እናቱን አቅፎ ስልኩን ዘረጋና ፎቶ ተነሳ፤ ሻዩ ሳይበርድ ሄደ። በማግስቱ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አየሁት። የቤቴን ግድግዳ ቆርጦ አውጥቶታል። ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ አለ። ነገሩን ስነግራቸው አማቴ ልጃቸው ምን እንደጻፈ ጠየቁኝና አነበብኩላቸው። የቤተሰባችን ምሰሶ፣ የሕይወቴ ብርሃን፣ እናቴን ከዓይኔ ሥር ለአፍታም አላጣትም ይላል። ሰዎች ከሥር «ታድለሃል»፣ «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» ብለውታል።

አማቴ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙ።

«ይሄ ደግሞ የትኛው ልቦለድ ነው?» አሉኝ።

ከዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ የቀድሞ ባሌ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በእጁ ፒያሳ ካለ ኬክ ቤት የተገዛ ኬክ፣ በወረቀት ሳጥን፣ በገመድ የታሰረ። ኮቱ ያው ኮት ነው፣ አንድ ቁልፍ ግን ጎድሎታል። ሴትዮዋ እንዳስወጣችው ከሰው ሰምቼ ነበር። አስገባሁት። አማቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሳማቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ሰው ነኝ። ወደ ቤቴ ልመለስ ነው የመጣሁት።»

«የቱ ቤትህ?» አልኩት። «የእናትህ ቤት ፈርሷል። ይሄ የአባቴ ቤት ነው።»

«ቤት ስል… ቤተሰቤን ማለቴ ነው።» ፈገግ አለ፤ ድሮ ሱቅ ውስጥ ፈገግ ያላትን ፈገግታ። «አንቺ ደግሞ እነዚያን መጻሕፍት ታነቢያለሽ። እነሱ ላይ እኮ መጨረሻው ላይ ይታረቃሉ፤ አይደለም?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልቤ ውስጥ ለእሱ የተረፈ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ያን ሲል አወቅሁ።

«ይታረቃሉ» አልኩት። «ግን ሰውየው መጀመሪያ አንድ ነገር ያደርጋል። ይዋጋል፣ ይታሰራል፣ ቢያንስ እግሩ ይሰበራል። አንተ ኬክ ነው የገዛኸው።»

አንገቱን ደፋ። ወደ እናቱ ዞረ፣ እንዲያማልዱት።

«ልጄ ነህ» አሉት አማቴ፤ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «እሑድ እሑድ ናና እየኝ። ደጁ ክፍት ነው። ማደር ግን አይሆንም፤ የቤቱ ባለቤት አልፈቀደችም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ባለቤት ብለው የጠሩኝ ያኔ ነው። የቀድሞ ባሌ ትንሽ ተቀመጠ፣ ስለ መንገዱ መስፋት አወራ፣ ተነሳ። ከኋላው ሳየው የአንገቱ ጸጉር ሸብቷል። ለአፍታ አሳዘነኝ፤ ማሳዘንና መመለስ ግን የተለያዩ ናቸው። ኬኩን ከስልጤዋ ጎረቤታችን ጋር በላነው። ኬኩ ምን አጠፋ?

እሱ አሁን አንዳንድ እሑድ ይመጣል። ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥና ሳነብ ያዳምጣል፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲያንኮራፋ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ እንጂ አልቀሰቅሰውም። ታላቅየው ማቆያ ቤቱን ሁለተኛ አላነሳውም። የትንሹ ልጅ ሊፍት ተሠርቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን አልነገረንም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ መጽሐፍ ጀመርን። ታሪኩ አንኮበር ላይ የሚሆን ነው፤ ሽፋኑ ያምራል። ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ልጅቷ አንድ ፈረሰኛ ከሩቅ አይታ ራሷን ሳተች። ቀና ብዬ አማቴን አየኋቸው። ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል።

«ገና ምንም ሳይሆን ወደቀች?»

«ወደቀች፣ እማማ።»

«ማን ያነሳታል? እኔ ጉልበት የለኝም። መልሻትና ሌላ አምጪ።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ወጣሁና መጽሐፉን ከሻጩ ጋር ለወጥኩ። አሁን የያዝነው ሦስት ወንድሞቿን ከምርኮ ልታስመልስ በበቅሎ ስለተነሳች አንዲት ሴት ነው። አማቴ እስካሁን ምንም አላሏትም።